ተራ የጥርስ እጥበት ወይስ ጥልቁ?

ጥርስ ልታጠቡ ሄዳችሁ «ጥልቅ እጥበት ያስፈልጋል» ስትባሉ፣ ብር ሊበሉን ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ልዩነቱ የእውነት ነው።

ተራው፦ ከድድ በላይና ጠርዙ ላይ የደነደነውን ቆሻሻ ያነሳል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፣ ዋጋውም ይቀላል።

ጥልቁ፦ ከድድ ስር ገብቶ የጥርሱን ሥር ያጸዳል። በመርፌ ያደነዝዟችኋል፣ ብዙ ጊዜ አፋችሁን ለሁለት ከፍለው በሁለት ቀጠሮ ይሠሩታል፣ ክፍያውም ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ ሊነዝራችሁ ይችላል።

ሐኪሙ በድድና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት በሚሊሜትር ይለካል። ቁጥሩን ጠይቁ፣ አትፈሩ! ከ1 እስከ 3 ከሆነ በአብዛኛው ተራው ይበቃል። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ድዳችሁ የሚደማ ከሆነ፣ ራጅ ላይም ጥርሱን የያዘው አጥንት ሸሽቶ ከታየ ወደ ጥልቁ ሂዱ፤ ተራውን ብትደጋግሙት ከስር ያለውን አይነካላችሁም።