ለጨቅላ ጀርባ፦ ራጅ ወይስ ኤምአርአይ?

ዳይፐር ሲቀየርለት የሚያለቅስ፣ እግሩን የማያንቀሳቅስ ጨቅላ የአከርካሪ ኢንፌክሽን ሊኖረው ይችላል። ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ አሳሳቹም ይኼ ነው።

ራጅ፦ ርካሽ ነው፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ግን የአጥንቱ ጉዳት እስኪታይ 10 ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ «ራጁ ንጹህ ነው» ተብሎ እፎይ አይባልም።

ኤምአርአይ፦ በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ ምርመራ ነው። ውድ ነው፣ በየሆስፒታሉም የለም። ግን ቀድሞ ያያል፤ መግል ወደ ሕብለ ሰረሰር መጠጋቱን ሳይቀር። ጨረር የለውም። ማደንዘዣም ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ጡት ጠብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ጆሮው ተሸፍኖ ከተኛ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በቅርብ ካለ ኤምአርአይ ይቅደም። ከሌለ ራጅ ይነሳ፤ ጥርጣሬው ካልጠፋ ኤምአርአይ ወዳለበት ይላክ። ሕፃኑ ከደከመ ግን ሁለቱም ይቆዩ፤ የደም ካልቸር (ጀርሙን ለመለየት የሚመረመር ደም) ተወስዶ አንቲባዮቲክ በደም ስር ይጀመር።