ስኮርታው ከሆድ ወደ ጀርባ

የኔ ላንድክሩዘር ስኮርታ (ተጠባባቂ ጎማ) የሚታሰረው ከሥር ነው። ባለፈው ክረምት ቢቸና አካባቢ ጎማ ሲፈነዳብኝ መረሬው ጭቃ ላይ ተኝቼ ነው የፈታሁት። በቃኝ አልኩ።

ደብረ ማርቆስ አንድ ብየዳ ቤት ከኋላ ፓራውልቱ (የግጭት መከላከያው) ላይ የሚከፈት የስኮርታ መስቀያ አሠራሁ። ውስጥ ደግሞ ለክሪክና ለገመድ የላሜራ ሳጥን። ሳጥኑ ልክክ ብሎ ገብቷል፤ እጁ ይባረክ። መስቀያው ግን ኮረኮንች ላይ ሲንቋቋ ሰነበተ። መልሼ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ ትራስ ነው የጎደለው» አለኝና ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጦ መዝጊያው ሥር ወተፈበት። ጸጥ!

የኋላውን በር ለመክፈት መጀመሪያ መስቀያውን ማዞር ግድ ነው። ዝናብ ላይ ያናድዳል። ታርጋዬን መሸፈኑን ደግሞ ያወቅኩት ትራፊክ ሲያስቆመኝ ነው።