የድሮ ሰዓቶቼ ያሉበት ሙዚየም ደረጃ ሾው ኬዝ፦ ከወራት በኋላ

ይሄን ሾው ኬዝ (ዕቃ ማሳያ የመስታወት ሳጥን) መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል፣ እንዴት ነው እያሉ የሚጠይቁኝ ስለበዙ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ውስጡ ያሉት በብዛት የብር ቀፎ ያላቸው የኪስ ሰዓቶች ናቸው፣ ጥቂት የቆዳ ማሰሪያ ያላቸው የእጅ ሰዓቶችም አሉ።

መስታወቱ ያምራል፣ አያንፀባርቅም፣ አረንጓዴ መልክ የለውም፣ ድርብ ስለሆነ ቢሰበርም አይበተንም። በቃ። እኔ ገንዘቡን ያወጣሁት ለመስታወቱ ሳይሆን ውስጡ ላለው አየር ነው።

ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ያለበት ጋዝ ነው፣ ትንሽ ይበቃዋል፣ ጋዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ ሳይሆን ከራሱ ከሳጥኑ ነው፣ ከሱፍ ፌልት፣ ከጎማ ምናምን። ኦክ እንጨትና ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) አሲድ ይለቃሉ፣ አንዳንዱ ሲሊኮን ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውም እኮ አሴቲክ አሲድ እየወጣ ስለሆነ ነው። እና ሰው በፌልት የተለበጠ የኦክ ሳጥን ያይና የድሮ ሰዓት የሚገባው ይሄ ነው ብሎ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል፣ ጋዙን ከሰዓቱ ጋር ቆለፈበት ማለት ነው! የኔው ብረትና መስታወት ብቻ ነው፣ ጨርቁ ፖሊስተር ነው፣ ሻጩንም የኦዲ ቴስት ውጤት ካላየሁ አልገዛም ብዬው አሳይቶኛል። ለማያውቅ፣ የብሪቲሽ ሙዚየሙ አንድሩ ኦዲ በ1973 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ የሚመረመረውን ቁራጭ ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ጋር እርጥበት ባለበት ዕቃ ውስጥ ዘግተው 60 ዲግሪ ላይ 28 ቀን ያቆዩታል፣ ብረቶቹ ከተበላሹ ያ ነገር ሰዓት አጠገብ አይደርስም።

ውጤቱ? ብሮቹ እስካሁን አልጠቆሩም። ክፍት መደርደሪያ ላይ እያሉ መወልወል ነበረባቸው፣ በተወለወሉ ቁጥር ደግሞ ቅርጻቸው እየሳሳ ነው የሚሄደው።

በጣም የወደድኩት የሲሊካ ጄሉን (እርጥበት የሚቆጣጠረውን እንክብል) መሳቢያ ነው፣ ከስር ሆኖ የራሱ ቁልፍ አለው፣ ሰዓቶቹን ሳልነካ ጄሉን እቀይራለሁ። እርጥበቱን ከ50 ፐርሰንት ትንሽ ዝቅ አድርጌ ነው የማቆየው፣ ከፍ ካለ ሞላውና ሰማያዊዎቹ ቆጣሪዎች ብረት ስለሆኑ ይዝጋሉ፣ በጣም ካደረቅኩት ደግሞ ቆዳው ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ስሞታው። መብራቱ! ትራንስፎርመሩን ከላይ ለብቻው ማድረጋቸው ጎበዝ ያስብላል፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ግን ዲመሩን (ብርሃን መቀነሻውን) እስከመጨረሻው ዝቅ ባደርገውም ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) በላይ ነው፣ ለኢናሜል ገጽ ምንም አይደለም፣ ቀለም ለተቀባ ገጽና ለቆዳ ግን ብዙ ነው፣ ስለዚህ ፊልተር ለጠፍኩበት። በሩም ብቻህን የምትከፍተው አይደለም። ማቆሚያዎቹ ደግሞ የኪስ ሰዓቱን ከላይ ባለው ቀለበት ነው የሚያንጠለጥሉት፣ ክብደቱ በሙሉ ያረጀ ቀለበት ላይ! አውጥቼ ከስር የሚደግፍ የአክሪሊክ (ፕላስቲክ) ማቆሚያ አሠራሁ፣ ከኋላው ትንሽ የፊት መስታወት አቆምኩለት፣ ማሽኑ ይታያል።

ራዲየም (በጨለማ እንዲያበራ ይቀባ የነበረ ጨረር አመንጪ ነገር) የተቀባ ሰዓት ያላችሁ ይሄን አንብቡ። ማብራት ቢያቆምም ራዲየሙ እዛው ነው፣ ግማሹ እስኪቀንስ 1600 ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ እየፈረሰ ሬዶን የሚባል ጨረር አመንጪ ጋዝ ያወጣል፣ እንዲህ አየር የማያስወጣ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ጋዙ ይጠራቀምና በሩን ስትከፍቱ ፊታችሁ ላይ ነው። መመሪያው ስለዚህ አንድ ቃል የለውም። የኔን አውጥቼዋለሁ።

ሰዓቶቹን ለምን ሞልተህ አታሠራቸውም ለሚሉኝ፣ እንግሊዝ አገር ግሪኒች ያለው፣ ጆን ሃሪሰን የሠራው ታዋቂው የባህር ሰዓት ኤች 4 እንኳን ቆሞ ነው የሚታየው፣ ከሱ በፊት የሠራቸው ኤች 1፣ 2 እና 3 ይሠራሉ፣ እሱ ግን ዘይት ስለሚፈልግና ሲሠራ ስለሚያልቅ አቁመውታል። እኔም ሞላቸውን አላልቼ ነው ያስቀመጥኳቸው።

ዲመሩንና ማቆሚያውን ካስተካከሉት ሁለተኛ እገዛለሁ። አሁን ባለበት ከ5 4 እሰጠዋለሁ።