ጌሙ ሲበላሽ ማን ይደርስላችኋል? የጌም መደብሮች የድጋፍ አገልግሎት ንጽጽር

የኦንላይን ጌም ስንመርጥ ግራፊክሱን፣ ዋጋውንና የተጫዋቹን ብዛት እናያለን። የደንበኞች አገልግሎቱ ትዝ የሚለን አካውንታችን የተዘጋ ዕለት ነው። እኔ አካውንቴ ተሰርቆ ቲኬት (ለድጋፍ ክፍሉ የሚላክ የእርዳታ ጥያቄ) ስከፍት በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልእክት መጣልኝ፤ ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሰው የጻፈው መልስ የደረሰኝ በ19ኛው ቀን ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያውኑ የጻፍኩትን መልሶ የሚጠይቅ ነበር። አብረውኝ የሚጫወቱት ልጆች እስከዚያ ሲዝኑን ጨርሰው ወጥተዋል።

ከዚያ ወዲህ ጌም ስገዛ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ችግር ቢገጥመኝ ማንንም ሳልጠብቅ በራሴ ምን ያህሉን መፍታት እችላለሁ?

ኮምፒውተር ላይ፦ ስቲም እና ኤፒክ

ገንዘብ በማስመለስ በኩል ሁለቱ የኮምፒውተር ጌም መደብሮች ተቀራራቢ ናቸው። በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወታችሁትን ጌም ይመልሳሉ። ስቲም ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ጥያቄው ከተፈቀደ ገንዘቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለቀቃል። በዚህ መስፈርት ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ከማንም ጋር መከራከር የለም። ለመልቲፕሌየር (ከሌሎች ጋር በኦንላይን ለሚጫወት) ተጫዋች ግን 2 ሰዓት ጠባብ ነው። ሰርቨር ሞልቶ ወረፋ ላይ የቆያችሁበት ጊዜም ጌሙ ተከፍቶ እስካለ ድረስ ይቆጠራል። ስለዚህ ጌም በወጣ በመጀመሪያው ቀን ሰርቨሩ ከተጨናነቀ ከፍታችሁ አትጠብቁ፤ ዝጉት።

ስቲም የማደንቅለት ነገር የድጋፍ ጥያቄዎችን ብዛትና መልስ የሚሰጥበትን የተለመደ ጊዜ በይፋ ማሳየቱን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ተሰርቆ የተወሰደ ስኪን (የካራክተር ወይም የመሣሪያ ማስዋቢያ) ወይም የጌም ውስጥ ዕቃ አይተካም፤ በቫክ (በስቲም የማጭበርበር መከላከያ) የተጣለ ባን ወይም እገዳም ቋሚ ነው፣ የስቲም ድጋፍ ሊያነሳው አይችልም። እዚህ ላይ መልሱ ቢፈጥንም ያው «አይሆንም» ነው። ውድ ስኪን የምትሰበስቡ ከሆነ የሞባይል ማረጋገጫውን ዛሬውኑ አብሩት።

የኤፒክ ጥንካሬ በራሱ ጌም በፎርትናይት ውስጥ ይታያል። ያልተጠቀማችሁበትን ዕቃ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሳችሁ ትሰርዛላችሁ፤ የከፈላችሁበት ቪ-ባክስ (የጌሙ ገንዘብ) ይመለሳል። ይህ አሠራር ከመምጣቱ በፊት ግን ብዙ ቅሬታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ድርጅቱ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ተጫዋቾች ሳይፈልጉ ለፈጸሟቸው ግዢዎች 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከክሱ ነጥቦች አንዱ፣ ያልፈቀዱትን ክፍያ በካርድ ድርጅታቸው በኩል የተቃወሙ ደንበኞች አካውንት ይቆለፍ ነበር የሚል ነው። ይህን ልብ በሉት፦ ሳፖርት ዘገየ ብላችሁ ክፍያውን በባንክ በኩል ብታስመልሱ፣ በብዙ መደብሮች አካውንቱ ከነጌሞቹ ሊታገድ ይችላል። ያ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ኮንሶል ላይ

ኤክስቦክስ በ14 ቀን ውስጥ ብዙ ያልተጫወታችሁትን ጌም የመመለስ ዕድል ይሰጣል። ፕሌይስቴሽንም 14 ቀን ይላል፤ ነገር ግን ዳውንሎድ ከጀመራችሁ ዕድሉ ያልፋል፣ ስለዚህ ሞክሮ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ኒንቴንዶ ደግሞ በጥቅሉ የዲጂታል ሽያጭን የመጨረሻ ያደርገዋል። ከሦስቱ ለኦንላይን ጌም የምመርጠው ኤክስቦክስን ነው።

ስልክ ላይ

የስልክ ጌም ትልቁ ጣጣ ጥያቄያችሁ የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ከፍላችሁ የገዛችሁት አልማዝ (የጌም ውስጥ ገንዘብ) ካልገባ፣ ጌም ሠሪው ወደ መደብሩ፣ መደብሩ ወደ ጌም ሠሪው ይመራችኋል፤ ቀኑ በዚህ ያልቃል። መንገዱን አስቀድሞ ማወቅ ይህን ምልልስ ያሳጥራል። በጉግል ፕሌይ የገዛችሁ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ራሱን ጉግልን ጠይቁ፤ ከዚያ ካለፈ ወደ ጌም ሠሪው ነው የምትሄዱት። በአፕል በኩል ግን ገንዘብ የመመለስ ሥልጣን የአፕል ብቻ ነው። ጌም ሠሪው ቢፈልግም አይችልም፣ እሱ ጋ አትድከሙ።

ጌም ሠሪው ራሱ

መደብሩ የሚመልሰው ገንዘብ ነው። የጠፋ ዕቃ፣ የተሰረዘ ካራክተር፣ ያላግባብ የተጣለ ባን የጌም ሠሪው ጉዳይ ነው፤ ብዙው መዘግየትም ያለው እዚህ ነው። ምክንያቱም አንድ ሠራተኛ የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቶ የአካውንቱን ባለቤት ማጣራት ይኖርበታል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምለው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን ነው፦ በስሕተት የሸጣችሁትን ወይም ያጠፋችሁትን ዕቃ፣ የሰረዛችሁትንም ካራክተር፣ ቲኬት ሳትከፍቱ ራሳችሁ የምትመልሱበት መንገድ አለው። ሁለት ጌም መካከል ስታመነቱ እንዲህ ያለውን የያዘውን ምረጡ።

ቲኬት መክፈት ካለባችሁ የግዢ ቁጥሩን፣ አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይልና ችግሩ የተፈጠረበትን ሰዓት በመጀመሪያው መልእክት አንድ ላይ ላኩ። እኔ የግዢ ደረሰኜን ለይቼ ባስቀምጥ ኖሮ ከ19ኛው ቀን በኋላ ሌላ አንድ ሳምንት አልጠብቅም ነበር።