ሼል ኮሬና ኤስ4 አር 46፦ በአቃቂ ከፍታ ላይ የተፈተነ የስክሩ ኮምፕረሰር ዘይት

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጥገና ክፍል እሠራለሁ። የሽመና ማሽኖቻችን ማጉን በአየር ግፊት የሚወረውሩ ናቸው፤ ስለዚህ ኮምፕረሰር ሲቆም ሽመናው አብሮ ይቆማል። ካሉን ስክሩ ኮምፕረሰሮች አንዱን፣ ባለ 75 ኪሎ ዋቱን፣ ከተለመደው የማዕድን ዘይት ወደ ሰው ሠራሹ ሼል ኮሬና ኤስ4 አር 46 አዛውረነዋል። አሁን የመጀመሪያውን የዘይት ሙሊት ጨርሶ በሁለተኛው ላይ ነው። ጥሩ ዘይት ነው፤ ለከፈልንበት ገንዘብም ይመጥናል። ሆኖም አምራቹ የሚጠቅሰውን «እስከ 12,000 ሰዓት» ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው እንዳያዝን እፈራለሁ። ያ ቁጥር የሚሠራው የኮምፕረሰሩ የዘይት ዑደት በሙሉ ጤነኛ ሲሆን ነው።

በስክሩ ኮምፕረሰር ውስጥ የዘይት ሥራ ማለስለስ ብቻ አይደለም። በሁለቱ ጠመዝማዛ ዘንጎች መካከል በቀጥታ ይረጫል፤ ክፍተታቸውን ደፍኖ አየሩ ወደ ኋላ እንዳይሾልክ ይከለክላል፤ ከመጨመቅ የሚመነጨውንም ሙቀት አብዛኛውን ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ያደርሳል። ከዚያ በሴፓሬተሩ ከአየሩ ተለይቶ እንደገና ይገባል። ሌት ተቀን ከትኩስ አየር ጋር ተደባልቆ ይዞራል፤ የሚያስረጀውም ይኸው ሙቀትና ኦክስጅን ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዘይቱ የሚበላሽበት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። በ85 ዲግሪ 8,000 ሰዓት የሚያገለግል ዘይት በ95 ዲግሪ 4,000 ሰዓት ላይ አለቀለት ማለት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ከፍታው አለ። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 0.78 ባር አካባቢ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የተተከለ ኮምፕረሰር በጌጁ (ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ በሚያሳየው መለኪያ) 7 ባር ለማድረስ የአየሩን ግፊት 8 እጥፍ ያሳድጋል፤ የእኛው ለዚያው 7 ባር ወደ 10 እጥፍ ማሳደግ አለበት። በዚያ ላይ የራዲያተሩ ማራገቢያ የሚነፋው አየር ስስ በመሆኑ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። «አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ኮምፕረሰር አይሞቅም» የሚሉ ሻጮች አጋጥመውኛል። ብርዱ የሚሰጠንን እፎይታ ከፍታው መልሶ እንደሚወስድብን አያሰሉትም። ለዚህ ነው ሙቀትን የሚችል ሰው ሠራሽ ዘይት ለእኛ ቅንጦት የማይሆነው።

ልዩነቱን በዓይኔ ያየሁት የቴርሞስታቱን፣ ማለትም ዘይቱ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ፣ ቤት ስንከፍት ነው። በማዕድን ዘይቱ ጊዜ በብረቱ ላይ ቡናማ ቫርኒሽ፣ የተበላሸ ዘይት ቅሪት፣ ተጋግሮ ይገኝ ነበር፤ በጥፍር ቢፋቅ አይለቅም። ያ ቫርኒሽ የቴርሞስታቱን እንቅስቃሴ ይይዘዋል፤ ዘይቱ ወደ ራዲያተሩ በወጉ አያልፍም፤ ሙቀቱ ይወጣል፤ ሙቀቱ ሲወጣ ቫርኒሹ ይብሳል። ኮሬና ከገባ በኋላ በ4,000 ሰዓት ላይ ስንከፍተው ብረቱ የራሱን መልክ እንደያዘ ነበር። በዚያው ቀን የቀዳነውን ዘይት በንጹሕ ብልቃጥ አድርገን ከአዲሱ አጠገብ አቆምነው። ጠቆር ብሏል፤ ግን ብርሃን ያሳልፋል፤ የተቃጠለ ሽታም የለውም። የላቦራቶሪ ምርመራውም ይህንኑ አረጋገጠ። የ46 ደረጃ ዘይት ውፍረት በ40 ዲግሪ ሙቀት ከ41.4 እስከ 50.6 ሴንቲስቶክ መሆን አለበት፤ ናሙናችን ከዚያ አልወጣም፤ የአሲድ መጠኑም ገና አልተነሣም።

ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ግን መብራት ሲቆራረጥ የሚያሳየውን ጠባይ ነው። ኮምፕረሰሩ ጭነት ላይ እያለ ኃይል ሲጠፋ በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ይለቀቃል፤ በዘይቱ ውስጥ የነበረው አየር ሲስፋፋ አረፋ ያነሣል። አረፋው ሴፓሬተሩ ላይ ከደረሰ ዘይት ከአየሩ ጋር ወደ መስመር ይወጣል፤ ያ ደግሞ በእኛ ሥራ በነጭ ጨርቅ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ማለት ነው። ጋሼ የምንላቸው የሌሊት ፈረቃ ኦፕሬተራችን ኃይል ሲመለስ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ዘይት ማሳያው መስታወት ነው፤ በባትሪ አብርተው ያያሉ፤ አረፋው ሳይረጋ አያስነሡም። «ይህኛው ቶሎ ይረጋል፤ አያስጠብቀኝም» ይላሉ፤ የእሳቸውን ምስክርነት ከማንኛውም በራሪ ወረቀት አስበልጣለሁ።

አሁን ዘይቱ የማያድነውን ልናገር። የጥጥ ብናኝ ራዲያተሩን ከደፈነው የትኛውም ዘይት ይቃጠላል፤ እኛ በየሳምንቱ በአየር እናጸዳዋለን። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ኮምፕረሰሮች የዘይት ፓምፕ የላቸውም፤ ዘይቱን የሚገፋው የታንኩ ግፊት ነው፤ ስለዚህ ግፊቱን ከ4 ባር አካባቢ በታች እንዳይወርድ የሚይዘው ቫልቭ ከደከመ ኩሽኔታዎቹ ዘይት ይጠማሉ። ሴፓሬተሩ አዲስ ሲሆን በሁለት ወገኑ ያለው የግፊት ልዩነት 0.2 ባር አካባቢ ነው፤ ወደ 1 ባር ከተጠጋ መቀየር አለበት። ዘይት ወደ መስመሩ በረከተ ጊዜም ዘይቱን ከመውቀስ በፊት ከሴፓሬተሩ ሥር ዘይት የምትመልሰውን ቀጭን ቱቦ ፈትቶ መንፋት ይገባል፤ ቀዳዳዋ ጠባብ ስለሆነች ትንሽ ቆሻሻ ይበቃታል።

ክረምት ላይ ደግሞ ውኃ አለ። ማሽኑ በትንሽ ጭነት ሠርቶ ከ70 ዲግሪ በታች ሲቆይ ከአየሩ የሚመጣው እርጥበት በዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ኮሬና ውኃውን በጥሩ ሁኔታ ይለያል፤ ከታንኩ ሥር ማስወጣት ግን የሰው ሥራ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ማሽኑ ከመነሣቱና ግፊት ከመያዙ በፊት፣ የታችኛውን ቧንቧ ቀስ ብሎ ከፍቶ ውኃው አልቆ ዘይት እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

አንድ ነጋዴ «ሁሉም ዘይት 46 ነው» ብሎ የሞተር ዘይት ሊሸጥልን ሞክሮ ነበር። ቁጥሩ የሚናገረው ውፍረቱን ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ቆሻሻና ውኃን በውስጡ አንሳፎ እንዲይዝ የተሠራ ስለሆነ በኮምፕረሰር ውስጥ ውኃው አይለይም። በጣሳው ላይ መፈለግ ያለበት በአይኤስኦ 6743-3 ምደባ ለከባድ ሥራ የተሰጠው ዲኤጄ (DAJ) የሚለው ምልክት ነው። ስትቀይሩም የቀድሞው ዘይት ምን እንደነበር አጣሩ፦ ኮሬና ከማዕድን ዘይት ጋር ይስማማል፤ ማሽኑ ፖሊግላይኮል በሚባለው ሌላ ዓይነት ሰው ሠራሽ ዘይት ሲሠራ የነበረ ከሆነ ግን ፈጽሞ መደባለቅ የለበትም። በራዲያተሩና በቱቦዎቹ የሚቀረውን አሮጌ ዘይት ገና ትኩስ እያለ ማፍሰስና አንድ ጊዜ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ይህን መዝለል የአዲሱን ዘይት ዕድሜ መቁረጥ ነው።

ዋጋው ከማዕድን ዘይቱ ከእጥፍ በላይ ነው። እኛ 12,000 አልጠበቅንም፤ በ8,000 ሰዓት ቀየርነው፤ በየ2,000 ሰዓቱ የዘይት ፊልተሩን ቀይረናል፤ ናሙናም ወስደናል። በዚህ ስሌት እንኳ የሥራ ማቆሚያው ጊዜና የፊልተር ወጪው ተደምሮ ትርፉ የእኛ ሆኗል። ሌት ተቀን በሙሉ ጭነት ለሚሠራ ማሽን ያለማመንታት ግዙት እላለሁ። በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚነሣው ትንሹ ኮምፕረሰራችን ግን አልገዛሁለትም፤ እሱን የሚጎዳው ከሙቀት ይልቅ ውኃ ስለሆነ በደህና የማዕድን ዘይት ቶሎ ቶሎ እየቀየርን እንቀጥላለን።