በስጦታ ተልኮልኝ ብሩ ለደላላው የተመለሰው ጌም

ቪዥዋል ኖቭል (በስዕልና በጽሁፍ ታሪክ እያነበባችሁ ምርጫ የምትመርጡበት ጌም) የምትወዱ፣ ኦንላይን መክፈያ ካርድ ስለሌላችሁ በቴሌግራም ደላላ የምታስገዙ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

አንድ ቻናል ላይ የሚሸጥ ልጅ ነው፣ ጌሙን በስቲም (የኮምፒውተር ጌም መሸጫው) ስጦታ አድርጎ የላከልኝ። 1,500 ብር በቴሌብር ላክሁለት። «ምርጫህ ታሪኩን ይቀይራል፣ ስድስት ፍጻሜ አለው» ነው ያለኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ጀምሬ አራት ተኩል ሳይሞላ አለቀ።

አጀማመሩን ግን አልክድም። አባቷ የሞተባት ልጅ ቤቱን ልትሸጥ ትመጣለች። እናትየው ሻይ ትቀዳላታለች፣ ስለ ሽያጩ ትንፍሽ አትልም። ብርጭቆው ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር ሙዚቃው ቀጥ ይልና የዝናብ ድምፅ ብቻ ይቀራል። እዚህ ጋ እንባዬ መጣ። ስዕሉም ያምራል።

ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለስኩ ሌሎቹን ምርጫዎች ሞከርኩ። ልጅቷ ይቅርታ ብትጠይቅ፣ ዝም ብትል፣ በሩን ወርውራ ብትወጣ፣ እናትየው የምትመልሰው ያችኑ አንድ መልስ ነው። ከስድስቱ ፍጻሜ አራቱ የመጨረሻው ስዕል ቀለም ብቻ የተቀየረባቸው ናቸው። ሲጠበቅ የነበረው ሚስጥር ደግሞ በአንድ ደብዳቤ ተዘርግፎ ያልቃል፣ ደራሲው ታክሲ ሊያመልጠው የደረሰ ይመስል።

ማጠሩ አይደለም ያናደደኝ። ምርጫህ ታሪኩን ይቀይራል ተብዬ ምንም አለመቀየሩ ነው።

ለማንኛውም፣ ስቲም ከተገዛ 14 ቀን ያላለፈውንና ከ2 ሰዓት በታች የተጫወታችሁትን ጌም ገንዘብ ይመልሳል። እኔ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ነበርኩ። ጠየቅኩ፣ ተፈቀደልኝ፣ ደስ አለኝ። ብሩ ግን የለም። ለካ ስጦታ ከሆነ ገንዘቡ የሚመለሰው መጀመሪያ ለከፈለው ሰው ነው! ጌሙ ከአካውንቴ ወጣ፣ ብሩ ደላላው ጋ ገባ። ስጽፍለት «ወንድሜ፣ መልስ ያልኩህ እኔ ነኝ?» አለኝ።

ስለዚህ ማስገዛት ግድ ከሆነባችሁ ስጦታ አትቀበሉ። የስቲም ካርድ ኮድ ግዙና የራሳችሁ ዋሌት (የስቲም አካውንታችሁ ላይ ያለው የገንዘብ ቋት) ውስጥ አስገቡ፣ ያኔ ሪፈንድ (ገንዘብ ይመለስልኝ ብላችሁ) ብትጠይቁ ወደዚያው ወደ ዋሌታችሁ ይመለሳል። በስጦታ የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሪፈንድ ከመጠየቃችሁ በፊት ከሻጩ ጋር ተነጋገሩና መልሱን በጽሁፍ ያዙ። እኔማ ብሎክ ተደርጌያለሁ።