ቀበቶዬ ላይ የምትጮኸው ሰዓት

ቨርጂኒያ ውስጥ በተግባር ሽጉጥ ውድድር እሳተፋለሁ። ይህችን የተኩስ ሰዓት በ130 ዶላር የገዛሁት ፈጣንነቴን ላረጋግጥ ነበር። ቀበቶ ላይ ትንጠለጠላለች፣ ትጮኻለች፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ተኩስ ሰዓት ከድምፁ ትመዘግባለች።

በዩኤስፒኤስኤ (የአሜሪካ የተግባር ተኩስ ማኅበር) ደንብ ነጥብህ ለሰከንድህ ይካፈላል። ዒላማው ኤ፣ ሲ፣ ዲ በሚባሉ ክልሎች ተከፍሏል፤ እንደኔ በ9 ሚሊሜትር ለሚተኩስ ኤ 5፣ ሲ 3፣ ዲ 1 ነጥብ ነው። የሳተ ጥይት 10 ያስቀንሳል። መጀመሪያ 12 ጥይት በ4.9 ሰከንድ ለቀቅኩ። ጉሮ ወሸባዬ! ዒላማው ጋ ስሄድ 6 ኤ፣ 4 ሲ፣ 1 ዲ፣ አንዷ የለችም። 33 ነጥብ፣ ውጤት 6.73። ረጋ ብዬ በ6.5 ሰከንድ ሁሉንም ኤ ስመታ 9.23 ሆነ። ሰዓቷ የመዘገበችውን ሳይ፣ ለካ ጊዜዬን የሚበላው ሽጉጡን ከአፎቱ ማውጣትና የጥይት ካዝና መቀየር ኖሯል። ቃታ መሳቡ ላይማ ስቸኩል ነበር።

እንከን አላት። ቤት ውስጥ ባለ መተኮሻ የጎረቤትን ተኩስ የእኔ ብላ ትቆጥራለች፤ ማስተካከያው አለ፣ ግን ፈተና ነው። ፀሐይ ላይ ስክሪኗ አይነበብም። ማንጠልጠያዋ ደግሞ በ2 ወሯ ተሰበረች።

ማታ ማታ ሽጉጡን ባዶ አድርጌ ሳሎን ውስጥ እለማመዳለሁ። ባለቤቴ የሰዓቷ ጩኸት ሲያስመርራት ባትሪውን ደብቃብኛለች።